ብዙ አልናገርም

ነገሌ ቦረና
ግንቦት 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

እናትም አባትም ለሆንሽኝ ታላቅ እህቴ፣

እንደ አገራችን ልጠይቅሽ። ናጋ ነሽ ወይ፣ ሰላም ነሽ? ልጆቹ ናጋ? የልጆቹ አባት ናጋ? ከብቱ ናጋ? የተልተሌ ዝናብስ ናጋ ነው? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይስ አሁንም በሽተኛ ስታነሺ ውለሽ ማታ ታቃስቻለሽ? እኔ ጌታ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ይህንኑ ቃል ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎቼም ጽፌልሽ ነበር። የዛሬው ግን እውነት ነው። የዚያን ጊዜዎቹ ውሸት ነበሩ። ዛሬ ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩትም ይህን ልነግርሽ ነው።

እትዬ፣ አትደንግጪ። ታምሜም፣ ታስሬም፣ ከትምህርት ቤት ተባርሬም አይደለም። ያለፈ ነገር ነው። ያለፈ ባይሆን ኖሮ አሁንም ባልጻፍኩልሽ ነበር።

መስከረም ላይ “አራተኛዋ ልጅ ተወልዳለች፣ ባለቤቴም ወደ ያቤሎ ተዛውሯል፣ ሁለት ቤት ሆነናል፤ እንደ ድሮው ልልክልህ ስለማልችል ጠዋት ጠዋት የምትሠራው ነገር ፈልግ” ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔም “ሱቅ ውስጥ ገብቻለሁ፣ ባለሱቁ በጣም ወዶኛል፣ አታስቢ” ብዬ መለስኩልሽ። መግባቱንስ ገብቼ ነበር። ደብዳቤዬ አንቺ ዘንድ ሲደርስ ግን ወጥቻለሁ።

ምላሴን ታውቂዋለሽ። አንቺ ፊት እንኳ የሚያዝ ምላስ፣ የማላውቀው ሰው ሲመጣማ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ሥራ ፍለጋ ስወጣ እንደ ጓደኞቼ “ስንት ይከፈለኛል?” ብዬ አልነበረም የማስበው። “በቀን ስንት ሰው ያናግረኛል?” እያልኩ ነበር። የእኛ ክፍል የሚማረው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋቱ ሁሉ ባዶ ነው። በዚያ ባዶ ጠዋት የነገሌን ከተማ ከላይ እስከ ታች ዞርኩት። አፍ የማይጠይቅ ሥራ ፈለግሁ። ይህን ለሰው ማስረዳትም ያው አፍ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው የአቶ ሀሺ ሱቅ ነው። አቶ ሀሺ ጨርቅና ስኳር የሚሸጡ፣ ሶማልኛውንም ኦሮምኛውንም አማርኛውንም በአንድ ትንፋሽ የሚናገሩ ደግ ሰው ናቸው። የቀጠሩኝ ከኋላ ጆንያ እንዳነሳ ነበር። ስምንት ቀን ደስ ብሎኝ ሠራሁ። በዘጠነኛው ቀን ልጃቸው ዕቃ ሊያመጣ ወደ ክብረ መንግሥት ሄደና እኔን ከፊት አቆሙኝ። አንዲት የገጠር ሴት የሽቲ ዋጋ ጠየቀችኝ። ዋጋውን አውቀዋለሁ። አፌ ውስጥ አለ። አልወጣ አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ስታገል ሴትዮዋ የናቅኳት መሰላት መሰለኝ፣ ጨርቁን ወርውራብኝ ወጣች። አቶ ሀሺ አልተቆጡም። ሻይ አዘዙልኝና “እጅህ ንጹሕ ነው፣ ዓይንህም ንጹሕ ነው። ሱቅ ግን አፍ ነው፣ ልጄ” አሉኝ። አንድ ኪሎ ስኳር ቋጥረው ሰጥተው ሸኙኝ። አልተቀየምኳቸውም። እውነታቸውን ነው።

ሁለተኛው ሻይ ቤት ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ ጠጂቱ ብርጭቆ ታጥባለህ ብለው ነበር ያስገቡኝ። ነገር ግን አስተናጋጇ በሦስተኛው ቀን ቀረችና ትሪ ይዤ ወደ ደንበኛ ወጣሁ። “ምን ልታዘዝ?” ማለት ለእኔ ተራራ መውጣት ነው። ትንሽ ቆይቶ ወሬው ተሰማና ከትምህርት ቤታችን ልጆች ሆን ብለው እየመጡ ይቀመጡ ጀመር። “ገ… ገ… ገልገሎ፣ ሻ… ሻ… ሻይ!” ይላሉ። ሌላውን ሁሉ ችዬው ነበር። አንድ ቀን ግን ከመካከላቸው አጠገቤ የሚቀመጠውን፣ ሒሳብ የማስጠናውን ልጅ ሲስቅ አየሁት። ሽርጤን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ። ወይዘሮ ጠጂቱ “ምን ሆንክ?” እያሉ እስከ በር ተከተሉኝ። ይህንንም መመለስ አልቻልኩም።

ሦስተኛው የሙጫና የእጣን መጋዘን ነው። እዚህ ደርሼ “አገኘሁት” አልኩ። ሙጫ አይናገር! ነጩን ከቀዩ፣ ትልቁን ከደቃቁ እየለቀምሽ ትለያለሽ፣ በቃ። ያልገመትኩት ነገር ለቃሚዎቹ ሠላሳ ሴቶች መሆናቸውን ነው። እጃቸው ሥራ ላይ ስለሆነ አፋቸው ቀኑን ሙሉ ነጻ ነው። የማን ልጅ ነህ? ጎሳህ ምንድን ነው? እናትህ መቼ ሞተች? የታጨችልህ አለች? ለምን አትመልስም? ክፋት የለባቸውም፣ እትዬ፤ ምሳቸውን እያካፈሉ ነበር የሚጠይቁኝ። አንደኛዋ ግን አዘነችልኝና ምላስ በጋለ ብረት ነክቶ የሚፈታ አዋቂ አለ ብላ አንድ ጠዋት ሰውዬውን ይዛው መጣች። ብረቱን ሳላይ በኋላ በር ወጣሁ። አልተመለስኩም።

ጥር ላይ ተስፋ ቆረጥኩ። ይህን ነው ከአንቺ የደበቅኩት። አከራዬን የኪራይ ጊዜ አሳልፌባቸው ስገባና ስወጣ እየተሸሸግኋቸው ነበር። ክብረ መንግሥት ሄጄ ከወርቅ ቆፋሪዎች ጋር ልገባ ወሰንኩ። ጉድጓድ ውስጥ ላለ ሰው አፍ ምን ያደርግለታል ብዬ። መጽሐፎቼን በገመድ አስሬ ለአከራዬ ልጅ ልሰጥ አዘጋጀሁ። ለአንቺ “ሱቁ ጥሩ ነው፣ ፈተናም አልፌአለሁ” ብዬ የጻፍኩት በዚያው ሳምንት ነው። ይቅር በይኝ። አንቺ እኔን ለማስተማር ስንት ነገር እንደተውሽ አውቃለሁ። ይህን እያወቅሁ “አልቻልኩም” ብሎ መጻፍ ከበደኝ።

ያስቀረኝ ትኩሳት ነው። ልሄድ ባሰብኩበት ቀን ዋዜማ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። አከራዬ ደግፈው ከከተማው ጫፍ ወዳለችው ትንሽ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ጣቴን ወግተው ደም ወሰዱና ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ መስኮት አለ። በመስኮቱ አንድ ሰው ይታየኛል። ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ማይክሮስኮፕ ላይ አድርጎ። አንድ ሰዓት ሙሉ አየሁት። ማንም አላናገረውም። እሱም ማንንም አላናገረም። አልፎ አልፎ ብቻ እርሳስ አንስቶ ይጽፋል። ትኩሳቱ አናቴ ላይ ወጥቶ እየተንቀጠቀጥኩም ቢሆን “እግዚአብሔር ለካ እንዲህ ያለ ሥራም ፈጥሯል” አልኩ።

እንደተሻለኝ ተመልሼ ሄድኩ። ከቤት የጻፍኩትን ቁራጭ ወረቀት ለክሊኒኩ ኃላፊ ለሲስተር ደስታነሽ ሰጠኋት። “የጠዋት ሥራ እፈልጋለሁ። የከሰዓት ተማሪ ነኝ። ጠርሙስና መስታወት ማጠብ እችላለሁ። ብዙ አልናገርም” ይላል። እንደ መልካም ጠባይ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ ምናልባት ወሬ የማያበዛ ልጅ ትፈልግ ይሆናል ብዬ። ሲስተር ደስታነሽ ረጅም፣ ጠይም፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። አነበበችውና “ስምህስ? አልጻፍከውም” አለችኝ።

ከቃል ሁሉ ለእኔ የሚከብደው የገዛ ስሜ እንደሆነ ታውቂያለሽ። “ገ…” አልኩ። ቆመ። እንደገና ጀመርኩ። ሰው ሁልጊዜ የሚያደርገውን እየጠበቅኩ ነበር፤ ወይ “ገመቹ? ገዛኸኝ?” እያለ ይገምትልኛል፣ ወይ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል። እሷ ሁለቱንም አላደረገችም። እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ከውጭ ሰው ተጣራ፤ አልዞረችም። “ገልገሎ” ብዬ ስጨርስ ላብ አጥምቆኛል። “ነገ አንድ ሰዓት ላይ ና” አለችኝ።

ሥራዬን ብታዪው ደስ ይልሽ ነበር። አንቺም የጤና ረዳት ስለሆንሽ ይገባሻል። ጠዋት የትላንቱን ስላይድ፣ ደም የሚቀባበትን መስታወት፣ በሳሙና አጥባለሁ፣ አለቀልቃለሁ፣ በአልኮል እወለውላለሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ አሥር አሥሩን በወረቀት እጠቀልላለሁ። ቱቦዎቹንና ጠርሙሶቹን እቀቅላለሁ። ማጠቢያ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት፣ አንድ በርሜል ውሃ፣ አንድ በርጩማ። መስታወት መስታወትን ሲነካ ትንሽ ድምፅ ያሰማል፤ ከዚያ በቀር ዝም ነው። በመስኮቱ ያየሁት ሰው አቶ በላይነህ ይባላል፤ የላቦራቶሪው ሠራተኛ ነው። ጠዋት “እንዴት አደርክ” ይለኛል፣ እኔ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ስንለያይ “ደህና ዋል” ይለኛል። የቀኑ ጨዋታችን ይኸው ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምግብ ይጣፍጠኝ ጀመር። የታሰሩትን መጽሐፎች ፈታሁ። የከሰዓት ትምህርትም እንደ ድሮው ይገባኝ ጀመር፣ ጠዋቱን ሙሉ ስሸማቀቅ አልውላማ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ጠንክሮ ስለነበር ወባ በዝቷል። አግዳሚው ከጠዋት ጀምሮ ይሞላል። የስላይዱ ቁጥር መስታወቱ ላይ በሰም እርሳስ ነው የሚጻፈው። ያን ቀን እርሳሱ አልቆ አዲሱ አልመጣም ነበር። አቶ በላይነህ ቁጥሮቹን በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ ከእያንዳንዱ ስላይድ አጠገብ አድርጎ ትሪ ላይ በተራ ደረደራቸው። “እንዳታዛባቸው። ፀሐይ ላይ አውጣልኝ፣ ይድረቁ” አለኝ።

የበሩ ደፍ ላይ ተደናቀፍኩ።

ትሪው አልወደቀም። አንድም ስላይድ አልተሰበረም። መጨረሻ ላይ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ተንሸራተው ጥግ ላይ ተገናኙ። ወረቀቶቻቸውን ነፋስ አንስቶ መሬት ጣላቸው። አሥራ አራትና አሥራ አምስት። ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም አላየኝም። ወረቀቶቹን አነሳሁ። የትኛው ስላይድ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ገመትኩ። ገምቼ አስቀመጥኩና ወደ ማጠቢያዬ ተመለስኩ።

አሥራ አራት ቁጥር አንድ ሽማግሌ ናቸው። አሥራ አምስት መሱዳ የምትባል፣ ከፊልቱ በኩል የመጣች የነጋዴ ሚስት ናት፤ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ሰባት ወሯ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውጤቱ ተነበበ። አሥራ አራት ወባ አለበት፣ አሥራ አምስት ነጻ ናት ተባለ። ሽማግሌው ክኒናቸውን ተቀበሉ። ሲስተር ደስታነሽ መሱዳን “ደምሽ ንጹሕ ነው። ድካሙ ከእርግዝናው ነው፣ ብዙ ጠጪ፣ እረፊ” ብላ አሰናበተቻት።

እኔ በማጠቢያ ክፍሉ በር አያቸዋለሁ። ሽማግሌው ከዘበኛው ጋር ቆመው እየሳቁ ይጫወታሉ። እሷ ግን ስትወጣ ግድግዳ እየያዘች ነበር የምትራመደው።

እትዬ፣ ያን ጊዜ ውስጤ የነበረውን እንዳለ ልንገርሽ፤ ላሳምረው አልፈልግም። ወደ በርሜሉ ተመልሼ ስላይድ ማጠብ ጀመርኩ። “ምናልባት ትክክል ገምቼ ይሆናል” አልኩ። “ማንም አያውቅም” አልኩ። “ብናገር ከዚህ ሥራ እወጣለሁ፣ ከወጣሁ ትምህርቱም ያበቃል፣ እህቴም ታዝናለች” አልኩ። አየሽ፣ አንቺንም ጭምር ምክንያት አድርጌ ዝም ልል ነበር። አንዱን ስላይድ ስንት ጊዜ እንዳጠብኩት አላውቅም። ጠርዙ ጣቴን ቆርጦኝ ደሜ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ነው ያቆምኩት። ከዚያ ተነሳሁ።

አቶ በላይነህ ዘንድ ገባሁ። ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ “ምንድን ነው? ውሃ አለቀ?” አለኝ። “አይደለም” ልለው “አ… አ…” ስል “እሺ፣ ሄደህ ቅዳ” አለኝ። አንድ ጊዜ ደግሜ ሞከርኩ። “ኋላ፣ ኋላ” አለኝ በእጁ። ወጥቼ ወደ ሲስተር ደስታነሽ ሄድኩ። የአንድ ሕፃን እግር እየጠቀለለች ነበር። ስታየኝ ፊቴን ምን ብላ እንዳነበበችው እንጃ፣ ፋሻውን አስቀመጠችና ቀና አለች።

“አሥራ አራትና አሥራ አምስት ተቀላቅለዋል። ያቀላቀልኩት እኔ ነኝ” አልኳት። እዚህ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው። ያኔ ምን ያህል እንደፈጀብኝ አላውቅም። ሕፃኑ ማልቀሱን ትቶ አፍ አፌን ያይ ነበር። የእናቱም ዓይን እኔ ላይ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ግን ጨረስኩት።

ሲስተር ደስታነሽ አንዲት ቃል አልተቆጣችም። “ሴትዮዋ የታለች?” ብቻ አለች። ሄዳለች። ሽማግሌውን ከበር መልሳ እንደገና ጣታቸውን ወጋቻቸው። አቶ በላይነህ ሌላውን ሁሉ ትቶ የእሳቸውን አየ። ንጹሕ ነው። ወባው የማን እንደሆነ ለሁላችንም ገባን። ሲስተር ወደ እኔ ዞራ “መልኳን ታውቃለህ። የፊልቱ መኪና ሳይነሳ ሩጥ” አለችኝ።

ሮጥኩ። ገበያውን አቋርጬ ወደ መኪና መቆሚያው። ሁለት የጭነት መኪናዎች ሞተራቸውን አስነስተው ቆመዋል፤ ሁለቱም ላይ ሰውና ዕቃ እስከ ጫፍ ተጭኗል። ሴቶቹ ሁሉ ከአቧራው ተከናንበዋል። ፊት አይታይም። ሄዶ አንድ በአንድ መጠየቅ ጊዜ የለም። ያለኝ ስሟን መጥራት ብቻ ነው። እኔ! በዚያ ሁሉ ሰው መካከል!

የአንዱን መኪና ጎማ ረግጬ ወጣሁና አፌን ከፈትኩ። “መ…” አልኩ። “መ… መ… መ…”። አንድ ወጣት ከላይ “ፍየል ነው እንዴ የጫናችሁት?” አለ። መኪናው ሁሉ ሳቀ። ከታች ያሉት ሸቃዮችም ሳቁ። ፊቴ ጋለ። እትዬ፣ ሻይ ቤት ሲስቁብኝ ሽርጤን ፈትቼ ወጥቻለሁ። ሱቅ ውስጥ አንገቴን ደፍቻለሁ። አሁን ግን መውረድ አልቻልኩም፤ ብወርድ መኪናው ይሄዳል። ስለዚህ እየሳቁም “መ… መ…” አልኩ። ሲሰለቻቸው ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ደግሞ ድምፄ ብቻውን ቀረ። የባሰ አስፈራኝ። አሁንም አላቆምኩም።

ከሁለተኛው መኪና ላይ፣ ከጆንያዎቹ መካከል፣ አንዲት ሴት ሻሿን ከፊቷ ገለጠች። “ሱታ፣ ወንድሜ፣ ሱታ” አለችኝ፤ ቀስ በል ማለቷ ነው። “መሱዳ ከሆነ የምትፈልገው፣ እኔ ነኝ።”

ወንድሟ አብዱልሃሚድ አብሯት ነበር። ቆጣ ያለ ሰው ነው። “ጠዋት ጤነኛ ናት አላችሁ፣ አሁን ታማለች ትላላችሁ። እናንተ ክሊኒክ ናችሁ ወይስ ቁማርተኞች?” አለኝ። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ሰው ሁሉ ያየኛል። “ክሊኒኩ አይደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ትውረድ” አልኩት። ቆራርጬ፣ አንዳንዱን ቃል ሦስቴ እየጀመርኩ። ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ነበር፤ የቱ ቃል በየትኛው እንደሚወጣልኝ አላውቅምና ባገኘሁት ነበር የምናገረው። አብዱልሃሚድ ትንሽ አየኝ። ከዚያ ክንዷን ይዞ አወረዳት።

ደሟ በወባ ተሞልቶ ነበር። አቶ በላይነህ ካየው በኋላ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። በዚያ ሁኔታ ፊልቱ ድረስ በጭነት መኪና ብትሄድ እሷም ሆነ ጽንሱ ምን እንደሚደርስባቸው አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። ሦስት ቀን ክሊኒኩ ተኛች። በአራተኛው ቀን በእግሯ፣ ግድግዳ ሳትይዝ ወጣች። ከመሄዷ በፊት ወደ ማጠቢያ ክፍሌ በር መጥታ “ድምፅህን መኪናው ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ ሰው ለራሱ ጉዳይ እንዲህ አይጮኽም ብዬ ነው የተገለጥኩት” አለችኝ።  

መሱዳን የመለስኳት ዕለት፣ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ እንደሚያሰናብቱኝ ጠብቄ ዕቃዬን ሰብስቤ ነበር። ሲስተር ደስታነሽ አይታኝ “ወዴት ነው?” አለችኝ። “ጥ… ጥፋት” አልኳት። “ጥፋት አጥፍተሃል። ደግመህ እንዳታጠፋ። ነገ አንድ ሰዓት ና” አለችኝና ሄደች። ከዚያ ከበሩ ተመልሳ “የማትናገር ስለሆንክ የቀጠርኩህ እንዳይመስልህ። ያን ቀን ስምህን ጀምረህ አልተውከውም፤ ለዚያ ነው” አለችኝ።

አቶ በላይነህ ሁለት ቀን አላናገረኝም። እኛ ሳንነጋገር የምንውል ሰዎች ስለሆንን መኮራረፉን እንኳ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። በሦስተኛው ቀን በርጩማዬን ከማጠቢያ ክፍሉ አንስቶ ከማይክሮስኮፑ አጠገብ አስቀመጠውና “ተቀመጥ፣ እይ” አለኝ። አየሁ። በሐምራዊው መሃል ትናንሽ ቀለበቶች፣ በእያንዳንዷ ላይ አንዲት ነጥብ እንደ ፈርጥ። ያን ሁሉ ሰው የሚያንቀጠቅጠው ይህ ነው ለካ! አሁን የሰም እርሳሱ በእኔ ኪስ ነው። ቁጥሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ስጽፍ ደግሞ የበሽተኛውን ስም ጠይቄ ነው የምጽፈው፤ ይህ የአቶ በላይነህ ትእዛዝ ነው። በቀን አርባ ሰው ስም እጠይቃለሁ ብልሽ ታምኛለሽ? ምላሴ አልተፈታም። እንደ ድሮው ይያዛል። ሰዎቹ ይጠብቁኛል፤ በሽተኛ ሰው አይቸኩልም። የሚስቅም አለ። ይሳቅ።

ስለዚህ ስለ እኔ አታስቢ። አሥራ አንደኛን ሰባተኛ ሆኜ እየጨረስኩ ነው። ክሊኒኩ አሥራ ሁለተኛንም እስክጨርስ ያቆየኛል። ለእኔ ብለሽ ከልጆችሽ አፍ እንዳትቀንሺ። ለትንሿም ልጅ ጫማ ገዝቻለሁ፣ ከደብዳቤው ጋር ይደርሳል፤ እግሯን ገምቼ ነው የገዛሁት። መገመት ግን እንደማልችልበት አሁን ታውቂያለሽ።

ይህን ቀጣዩን ገጽ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እትዬ፣ መሱዳን ከጠራሁበት ቀን ወዲህ እንቅልፍ ጥሩ አድርጎ ይወስደኛል። የቀረኝ አንድ ነገር አለ። አባታችንን በ1970፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ለሰርጎ ገብ መንገድ አሳይቷል ብለው መሣሪያ የያዙት ሰዎች ሲፈልጉት፣ የተደበቀው ከግቢያችን በስተኋላ ካለው የአጎታችን በረት ውስጥ ነበር። አንቺ ወደ ኤላው ጉድጓድ ውኃ ልትቀጂ ወርደሽ ነበር። ስትመለሺ አባባን ወስደውታል። ጎረቤታችን ጋሽ ዳባሶ አጥሩ አጠገብ ቆሞ አየሽውና “እሱ ነው የጠቆመው” አልሽ። ይኸው አሥር ዓመት ሆነ፤ ለሠርግም ለለቅሶም ደጁን አልረገጥሽም። አባባ ከሁለት ዓመት በኋላ ተፈትቶ ከመጣ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ “ዳባሶን ተይው፣ ልጄ” ይልሽ ነበር። ሲልሽ እኔን አያየኝም። አሁን ሳስበው ላለማየት ይጠነቀቅ ነበር።

ጋሽ ዳባሶ አልጠቆመም። እሱ አማርኛ አያውቅም፣ ሰዎቹ ደግሞ ኦሮምኛ አያውቁም። ያን ዕለት እዚያ ግቢ አማርኛ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። ገና ሁለተኛ ክፍል ነበር። በአማርኛው በጣም ይኮራ ነበር። ሰዎቹ በአክብሮት ጠየቁት፤ እሱም ሳይንተባተብ፣ አንድ ቃል ሳይደግም፣ ጥርት አድርጎ መለሰላቸው። ምላሱ የተያዘው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ከዚህ በላይ እጄም አልጻፍ አለኝ። ጋሽ ዳባሶ እየደከመ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ደጁ ድረስ ሂጂና ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ይቅርታ ከጠየቅሽውም የእኔን ጨምሪበት።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ጌታ ደጅሽን ከክፉ ይጠብቅ፤ ያነሳሽው በሽተኛ ሁሉ ይዳንልሽ፤ ላምሽ ትታለብ፣ ዝናብሽ አይዘግይ፤ ልጆችሽ አንቺን ያሳረፉ ይሁኑ። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ፊትሽ ተቀምጬ ይህንኑ በአፌ እነግርሻለሁ። ጊዜ ይፈጅብኛል። ግን እጨርሰዋለሁ።

የምትወጂው ታናሽ ወንድምሽ